ዘይነባ በመስኮቱ ላይ የጻፈችው

ብርዱ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቴ ከግድግዳው ግርጌ የተዘረጋውን ሂተር ለወቅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። በጋውን ሙሉ እላዩ ላይ የተኛው አቧራ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ትንሽ የተቃጠለ ፀጉር፣ ትንሽ ብረት፣ ትንሽ የድሮ ካርቶን የሚመስል። ልጄ ዮናታን ከፎቅ ሆኖ "ማም፣ ሰምቲንግ ኢዝ በርኒንግ" አለኝ። "አቧራ ነው፤ አሁን ይሄዳል" አልኩት። እውነትም ሄደ። እኔ ግን ሻይዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ልቤ ስንት ዘመን ወደኋላ ተመልሶ ስደት እንደመጣሁ የኖርኩበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ አብራኝ ትኖር የነበረችው ዘይነባ ዘንድ ደርሶ ነበር።

ሰው ትዝታ ሲባል አገር ቤቱን ነው የሚያነሳው። እኔን ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሆዴን የሚያባባኝ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የዛሬው ሳይሆን የያኔው። ዛሬ መስታወት በመስታወት የሆነው ሰፈር ያኔ ግማሹ ሱቅ የተዘጋ ነበር። ከጆርጂያ አቬኑ ወደ ፌንተን ስትታጠፉ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ቤት ነበር፤ የመጀመሪያ ካፖርቴን የገዛሁት ከዚያ ነው። ቡናማ የወንድ ካፖርት፣ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚደርስ፣ ኪሱ ውስጥ የማላውቀው ሰው የአውቶቡስ ወረቀት የተረሳበት። የዘይነባ አረንጓዴ ነበር። አንድ ቁልፉ ጠፍቶ በቦታው ቀይ ተክታለት ነበርና በበረዶ ውስጥ ከሩቅ የምለያት በዚያች ቀይ ቁልፍ ነው። በአንድ ዶላር ከሳንቲም አውቶቡስ እንሳፈራለን። አምስት ዶላር በሚሸጠው የስልክ ካርድ ደግሞ "ደህና ናችሁ ወይ" ተባብሎ ለቅሶ ሳይጀመር መስመሩ ይቋረጣል። ካሴት ከሰው ተውሰን እንገለብጣለን፤ የተገለበጠው ደግሞ እንደገና ይገለበጣል፤ በመጨረሻ ዘፋኙ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል። ዛሬ ሁሉም ዘፈን በስልኬ ውስጥ አለ፣ ጥርት ብሎ። እንደዚያ አድርጌ ግን አላዳምጠውም።

አራት ሴቶች ነበርን በዚያ ቤት። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ሳራ፣ የቤቱ የኪራይ ውል በስሟ ያለው፣ ሕፃናት ትጠብቃለች። ዘይነባ አሌክሳንድሪያ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። አራተኛዋ የሳራ እናት፣ እትዬ የሻረግ፣ ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ መጥተው የቀሩ ናቸው። ሳንባቸው ደክሞ ስለነበር ቀንና ሌሊት ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ሻንጣ የሚያክል ማሽን አልጋቸው አጠገብ ሲያጉረመርም ይውላል፤ ከሱ የሚወጣ ረጅም ቀጭን ቱቦ ጆሯቸው ላይ ዞሮ አፍንጫቸው ሥር ይገባል። ቤት ውስጥ በሄዱበት ሁሉ ይከተላቸዋል። "እንደ ጥጃ አሰራችሁኝ እኮ" ይሉ ነበር። ግን እሱ ሲጠፋ ከንፈራቸው ወዲያው እንደሚጠቁር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ያ ጉርምርምታ ለኛ የቤቱ ትንፋሽ ነበር፤ ስንገባ መጀመሪያ የምናዳምጠው እሱን ነው።

ዘይነባ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እዚያ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ለዓመታት ሠርታለች። ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቃ ስትገባ በክፍሉ ብቸኛዋ ሴት እንደነበረች አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ ሁለተኛ አላነሳችውም። ረጅም፣ ፍንጭት፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። እኔና እሷ አንድ መኝታ ቤት እንጋራለን። ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላዋ፣ አንድ ምድጃ። የኔ ጾም ከሷ ጾም ጋር የተገጣጠመበት ዓመት እትዬ የሻረግ "ዘንድሮስ ቤቱ ገዳም ሆነ" ብለው ስቀው ስቀው ሳል ያዛቸው።

ያን ክረምት የሕንጻው ማሞቂያ ተበላሸ። ማናጀሩ "ዕቃው ታዟል" እያለ ለየቤቱ አንዳንድ ተንቀሳቃሽ ሂተር አደለ። ሂተሩን ሳራ እናቷ ክፍል ሰካችው። እፎይ ብለን እራት ልንበላ ስንል ቤቱ ግማሹ ጨለመ፤ ማሽኑም ጉርምርምታውን ትቶ ጲጥ ጲጥ ማለት ጀመረ። ያን ድምፅ ዛሬም እጠላዋለሁ። ሳራ ቁም ሣጥን ውስጥ ወዳለው የመጠባበቂያ ኦክስጅን ሲሊንደር ሮጠች። ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የብሬከር ሳጥን ሄዳ፣ ጭነት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠውን የወደቀውን ብሬከር መለሰችው። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ወደቀ።

"ማሽኑ ተበላሽቷል" አለች ሳራ ሲሊንደሩን እየጎተተች።

"ማሽኑ ደህና ነው። አብሽሪ" አለች ዘይነባ። "መጀመሪያ ሂተሩን እንንቀለው።"

ከዚያ የራስጌ መብራት አስያዘችኝና ከሶኬት ሶኬት እየዞርኩ እንድሰካው አደረገች። እሷ ሳጥኑ ጋ ቆማ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች፣ እኔ "በራ"፣ "ጠፋ" እያልኩ እጮሃለሁ። ሁለቱ መኝታ ቤቶች በአንድ ብሬከር ላይ ተንጠልጥለው ተገኙ። ቀጥላ ሂተሩን ገልብጣ ከሥሩ የተለጠፈውን አነበበች፤ የማሽኑንም እንዲሁ። ቤቱ ቀዝቅዞ በኛ ትንፋሽ መስኮቱ ጭጋግ ለብሶ ነበር። በጣቷ እላዩ ላይ ጻፈች። ሂተሩ አስራ ሁለት አምፔር። ማሽኑ ሦስት። ድምር አስራ አምስት።

"ብሬከሩ ደግሞ የሚችለው አስራ አምስት ነው" አለችን። "ልክ አፉ ድረስ ሞልተነዋል። ከዚያ አንድ አምፖል ስናበራ ፈሰሰ።"

እትዬ የሻረግ ቱቧቸውን እያስተካከሉ መስኮቱን አዩት። "አምፔር ማን ነው?" አሉ።

"በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ነው፣ እትዬ። ቮልት ደግሞ የሚገፋው።"

"ታዲያ የሚገፋው ስንት ነው?"

"መቶ ሃያ። አገር ቤት ሁለት መቶ ሃያ ነው። እዚህ ግፊቱ ያንሳልና ያንኑ ሙቀት ለማግኘት ብዙ አምፔር ማለፍ አለበት። መቶ ሃያን በአስራ ሁለት ስናባዛው የሂተሩ ጉልበት ይመጣል፤ አንድ ሺህ አራት መቶ አርባ ዋት።"

"አቤት" አሉ እትዬ የሻረግ። "የኔስ?"

"የእርስዎ ሦስት መቶ ስልሳ።"

"እኔ ይሻለኛል። ቁጥብ ነኝ።"

ሂተሩን ሳሎን ካለው ሶኬት በኤክስቴንሽን ስበን ወደ መኝታ ቤት አስገባነው፤ ሳሎኑ ሌላ ብሬከር ነበረውና ሥራው ሰመረ። ኤክስቴንሽኖቹን፣ ሁለት መንታ የሆኑ ቀጫጭን ነጭ ሽቦዎች፣ ሳራ ከአንድ ሱቅ በአንድ ላስቲክ ገዝታቸው ነበር። የሳብንበትን አንዱን፣ ሰው እንዳይጥል ብለን፣ ምንጣፍ ሥር አሳለፍነው። በማግስቱ ዘይነባ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ቆም አለች፤ እግሯ ሥር ምንጣፉ ሞቋት። ገልጣ ብታየው ሽቦው ስፒናው አጠገብ ቡናማ ሆኗል። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛቻት ትንሽ ቴስተር ነበረቻት። መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ለካች፣ መቶ ሃያ። ሂተሩ እየሠራ በሽቦው ጫፍ ላይ ለካች፣ መቶ አስራ አራት።

"ስድስት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል" አለችኝ። እንደ ልማዷ ወደ መስኮቱ ሄደች። "የቀረውን ቮልት ላለፈው አምፔር ስታካፍይው የሽቦው እምቢታ ይወጣል። ስድስት ለአስራ ሁለት፣ ግማሽ ኦም። ኢምንት ናት። ነገር ግን የቀረውን ቮልት ባለፈው አምፔር ስታባዢው፣ ስድስት በአስራ ሁለት፣ ሰባ ሁለት ዋት። አየሽ? የበራ አምፖል ምንጣፍ ሥር ደብቀን ነው የተኛነው።"

ሽቦውን ቆራርጣ ጣለችው። እኔ መስኮቱን እያየሁ ቆምኩ። ትምህርት ቤት ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ፤ ፎርሙላውን ለፈተና ሸምድጄ በፈተናው ማግስት ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ግን እግራችን ሥር ሞቆ ነው የገባኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሕይወቴ ካለፉት ሳምንታት ሁሉ የምናፍቀው ነው። ሂተሩን ሳሎን ውስጥ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካነው። ማሽኑ መኝታ ቤቱ ለብቻው ቀረ፤ ቱቦው ረጅም ስለሆነ እትዬ የሻረግ ሳሎን ድረስ መጡ። ዘይነባ ኦክስጅንና የጋለ ነገር አይቀራረቡም ብላ ሂተሩን ከሳቸው አርቃ አስቀመጠችው። ፍራሾቻችንን አውጥተን አራታችንም ሳሎን መሬት ላይ ተደርድረን መተኛት ጀመርን። የማሽኑ ጉርምርምታ ከውስጥ ይሰማል፣ እትዬ የሻረግ የደብረ ማርቆስን ሰው አንድ በአንድ እያነሱ ያሙልናል፣ ሳራ ትስቃለች፣ ዘይነባ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ የኔን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ካልሲዬን ትጠግናለች። ዛሬ ይህ ቤቴ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሙቀት መቆጣጠሪያ አለው። ዮናታን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፣ እኔም የኔን። እንደዚያ ሳሎን የሞቀኝ ቤት ግን የለም።

በረዶው የመጣው ማሞቂያው ገና ሳይጠገን ነው። ጠዋት ስንነሳ መንገድና መኪና አይለይም፤ ጆርጂያ አቬኑ ላይ አንድ ነፍስ አይታይም። ቁርስ ላይ እያለን ከመኝታ ቤት ያ ጲጥ ጲጥ መጣ። ዘይነባ ብሬከሩን ብትመልሰው ወደቀ። ሁሉን ነቅላ መለሰችው፤ አሁንም ወደቀ። "ደከመው" አለች። "ደጋግመን ጥለነዋል፣ ከእንግዲህ አይዝም።" ሳራ እናቷን ሲሊንደሩ ላይ አድርጋ ስልክ ያዘች። የኦክስጅን ድርጅቱ መንገዱ ካልተጠረገ መኪና አይወጣም አለ። የድንገተኛ እርዳታ ሠራተኛዋ፣ በትሕትና፣ አሁን ደህና ከሆኑ ባላቸው ኦክስጅን ይቆዩ፣ ሰው ስንልክም መዘግየታችን አይቀርም አለቻት። ማናጀሩ አያነሳም። ሲሊንደሩ እስከ ከሰዓት ቢያደርስ ነው።

ማሽኑን ሳሎን እንሰካው ቢባል ሂተሩን ማጥፋት ነው፤ በዚያ ብርድ ለእትዬ የሻረግ ሳንባ ሂተሩም ትንፋሽ ነበር። ወጥ ቤቱ የራሱ ብሬከር አለው፤ ግን ምድጃው የጋዝ ነው፣ እሳት ባለበት የኦክስጅን ማሽን አይገባም። የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ ኃይሉን ከወጥ ቤቱ ስቦ ማሽኑ ወዳለበት ማምጣት። ዘይነባ መሳቢያውን ከፍታ ሁለተኛውን ነጭ ኤክስቴንሽን አወጣች።

ሳራ ሽቦውን ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሳች። "እሱስ አይሆንም። መንታው ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ሽቦው አንድ ነው፤ የሚያልፍበት ግን አንድ አይደለም" አለች ዘይነባ። ወደ መስኮቱ ሄዳ ተነፈሰችበት። ውጭ በረዶው ነጭ ስለነበር ፊደሎቹ ደምቀው ታዩ። "የዚህም እምቢታ ግማሽ ኦም ነው። በዚያኛው አስራ ሁለት አምፔር አሳለፍንበት፣ ሰባ ሁለት ዋት ሙቀት ወጣ። በዚህ የሚያልፈው ሦስት ነው። ሦስት በግማሽ፣ አንድ ቮልት ተኩል ይቀራል። እሱን በሦስት አባዢው።"

ሳራ አላባዛችም። እኔ "አራት ተኩል" አልኩ።

"አራት ዋት ተኩል። እንደ አንዲት የገና ዛፍ አምፖል። አይግልም፣ ሳራ።"

"እናቴ ናት" አለች ሳራ። "ቁጥር ቢሳሳትስ? ቤቱ ቢያያዝ እሷን ተሸክሜ በዚህ በረዶ የት እሄዳለሁ?"

ዘይነባ ሽቦውን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የሷ እናት ኮምቦልቻ ላይ ሞተው መርዶውን የሰማችው ከተቀበሩ በኋላ ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አላነሳውም። "ይቅር ካልሽ ይቀራል" አለች ዘይነባ። "ካመንሽኝ ደግሞ፣ እጄን ሽቦው ላይ አድርጌ እዚህ እቀመጣለሁ። ከሞቀኝ እኔው እነቅለዋለሁ።"

ያን ጊዜ እትዬ የሻረግ ከፍራሹ ላይ ቀና አሉ። "ሳራ" አሉ፤ መሃል ላይ ትንፋሽ ወሰዱ። "የምተነፍሰው እኔ ነኝ። እኔ ልፍቀድ። ይህች ልጅ ያለችው ይሁን።"

ዘይነባ ሽቦውን ከወጥ ቤት በግልጽ መሬት ላይ ዘረጋችው፤ ምንጣፍም ብርድ ልብስም አጠገቡ እንዳይደርስ አደረገች። ማሽኑን ሰካች። ጉርምርምታው ሲመለስ ሳራ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዘይነባ ስፒናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ መዳፏን ሽቦው ላይ አሳረፈች። እንደዚያ ሆና ዋለች። ሻይ አቀበልኳት፣ በግራ እጇ ጠጣች። የሶላት ሰዓት ሲደርስ እኔን ተካችኝ፤ ሰግዳ ተመልሳ ቦታዋን ያዘች። ሽቦው እንደ ጫማ ማሰሪያ ቀዝቃዛ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሳራ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች፣ የራሷንም እጅ ሽቦው ላይ አደረገች። እትዬ የሻረግ አንቀላፉ። ከንፈራቸው ቀይ ነበር። በማግስቱ መንገዱ ተጠረገ፣ ሲሊንደር መጣ፣ ብሬከሩም ተቀየረ።

በረዶው ሲቀልጥ ዘይነባን አስተምሪኝ አልኳት። አውቶቡስ ውስጥ በጭጋጋሙ መስታወት ላይ ትጽፍልኛለች፤ ሰው ሲገባ ብርዱ ያጠፋዋል፣ እንደገና ትጽፋለች። ጸደይ ላይ ለኤሌክትሪሺያን ልምምድ ሁለታችንም እናመልክት ብዬ ለመንኳት። "አንቺ ሂጂ፣ ትርሲት" አለችኝ። "እኔ መጀመሪያ ወንድሞቼን ላምጣ፤ ከዚያ እደርስብሻለሁ።" እኔ ሄድኩ። ሮክቪል ባሉ ስንት ሕንጻዎች ውስጥ ሽቦ ሳብኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ሥራ ነው። ወንድሞቿ አንድ በአንድ መጡ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ኤርፖርት የሚሠራ ደግ ሰው አገባችና ሄርንደን ገባች፤ ከዚያ ልጅ መጣ። እትዬ የሻረግ በሰላም አረፉ፣ ሳራ ሌላ ስቴት ገባች። እኔና ዘይነባ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፣ "እመጣለሁ" እንባባላለን። አርባ ደቂቃ መንገድ ናት። ሽፍት አለ፣ ትራፊክ አለ፣ ልጅ አለ። ሰው እንዲህ ነው የሚራራቀው፤ ሳይጣላ።

ዘንድሮ ጸደይ ላይ ዘይነባ አረፈች። ለቅሶ ልደርስ ሄርንደን ስገባ ሳሎኑ በሴቶች ሞልቷል። አንድም የማውቀው ፊት የለም። ጥግ ላይ አንዲት ረጅም ልጅ፣ ፍንጭት፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ ተቀምጣለች። ማን እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሰሚራ ናት፣ ልጇ። አቅፌ ካለቀስኩ በኋላ "እናቴን ከየት ነው የሚያውቋት?" አለችኝ።

"አብረን እንኖር ነበር፤ አንቺ ሳትወለጂ። ኤሌክትሪክ ያስተማረችኝ እሷ ናት።"

ልጅቷ የተሳሳተ ቤት የገባሁ ይመስል አየችኝ። "ማይ ማም? እናቴ ሆቴል ነው የሠራችው።"

"ከዚያ በፊት። ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ።"

"ነግራኝ አታውቅም" አለች ቀስ ብላ። "እኛ ቤት አምፖል ሲቃጠል እንኳ አባቴን ነበር የምትጠራው።"

እደርስብሻለሁ ብላኝ ነበር። ስንት ዓመት መሰላል ላይ ቆሜ ሽቦ ስገምድ አንድ ቀን ከኋላዬ የምትመጣ እየመሰለኝ ኖሬያለሁ። ለልጅቷ ግን ይህን አላልኳትም። እጇን ይዤ "ቁጭ በይ" አልኳት፤ ከበረዶው ቀን ጀምሬ፣ መስኮቱን፣ ሳራን፣ እትዬ የሻረግን፣ እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ መዳፏን ሽቦው ላይ አድርጋ የዋለችውን ነገርኳት። አጠገባችን የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቆሙ። ሰሚራ ከወንበሯ ወርዳ ምንጣፉ ላይ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ደግመሽ..." ብላ ጀመረችና ራሷን አረመች። "ደግመው ይንገሩኝ። ቀስ ብለው።"

ካፖርቴን አወለቅኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩላት።